ወደ ዝምታ ቤት ለተጠራ ክርስቲያን የተጻፈ ምክር



በአሜሪካ አገር፥ በቦስተን ከተማ አጠገብ ተቀምጣ በሆስፒታል በሽተኞችን የምታስታምም አንዲት እኅታችን ደብዳቤ ጻፈችልኝ። እናቷ በአገር ቤት ካረፉ ወዲህ እንቅልፍ ከዓይኗ ጠፍቶ ነበረ፤ ለቀብራቸው መድረስ አልቻለችምና ኀዘኑ በውስጧ ታስሮ ቀርቶአል። አብራት የምትሠራ አንዲት አሜሪካዊት ሴት ይህን አይታ ራራችላትና «ከእኔ ጋር ነዪ፤ ሰዎች 10 ቀን በዝምታ የሚቀመጡበት ቤት አለ፤ ዋጋ አይጠይቁሽም፤ ልብሽ ያርፋል» አለቻት። እኅታችንም ወደደች፤ ደግሞም ፈራች። «ጋሼ፥ ቤቱ የቡድሃ ተከታዮች ቤት ነው ይባላል፤ ጓደኛዬ ግን ሃይማኖት አይደለም ትለኛለች። ልሂድን ወይስ ልቅር? ብሄድስ በዚያ ሆኜ በልቤ ብጸልይ ማን ያውቅብኛል?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔም ያንኑ ሌሊት «አትሂጂ» የሚል አንድ መስመር ጽፌ ልልክላት ነበር። እንዲህ ያለ መልስ ለጻፊው ቀላል ነው፤ ለተቀባዩ ግን በሩን ይዘጋበታል እንጂ ምክንያቱን አያሳየውም። ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ የመጨረሻው ጥያቄዋ ነበረ። ስለዚህ መልሴን አቈይቼ ስለ እነዚህ ቤቶች ላገኝ የቻልሁትን ሁሉ ፈልጌ አነበብሁ፤ ለእርስዋ የጻፍሁትንም ከዚያ ጋር አስተባብሬ እነሆ ለአንተ አቀርብልሃለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ማሳቹሴትስ የሚባለው ግዛት በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፥ በባሕር ዳር ያለ ነው። በ1630 ፒዩሪታን የሚባሉ፥ በጸሎታቸውና በጥብቅ ኑሮአቸው የታወቁ ክርስቲያኖች ከእንግሊዝ አገር ተሻግረው ቦስተንን የመሠረቱበት አገር ነው። በዚህ አገር የቡድሃ ስም ትናንት የተሰማ አይምሰልህ። በ1844 በቦስተን ይታተም የነበረ ዳያል የሚባል መጽሔት ከቡድሃ መጻሕፍት አንዱን ክፍል ከፈረንሳይኛ ተርጕሞ አውጥቶ ነበር፤ በ1885ም ስተርጂስ ቢገሎና ኧርነስት ፌኖሎሳ የተባሉ ሁለት የማሳቹሴትስ ምሁራን በጃፓን አገር የቡድሃን ሥርዓት ተቀብለዋል። ይህ ግን የጥቂት ሰዎች ነገር ነበረ፤ ብዙ ሕዝብ አልተከተለውም።

ብዙ ሕዝብ የመጣው ኋላ ነው፤ የመጣውም በሁለት መንገድ ነው። አንዱ መንገድ የስደት መንገድ ነው። በካምቦዲያ አገር ከ1975 እስከ 1979 ክመር ሩዥ የሚባሉት ገዥዎች ሕዝቡን በፈጁ ጊዜ፥ ከሞት ያመለጡት በየአገሩ ተበተኑ፤ ከእነርሱም ብዙዎች ከቦስተን በስተ ሰሜን ባለችው በፈትል ፋብሪካዎቿ በታወቀችው በሎዌል ከተማ ሠፈሩ፤ መነኮሳታቸውንና መቅደሳቸውንም ይዘው መጡ። እነዚህ ሰዎች ከአባቶቻቸው የተቀበሉትን ይጠብቃሉ፤ ለመነኮሳት ምግብ ያቀርባሉ፤ ሙታናቸውን ያስባሉ፤ በዓላቸውን ያከብራሉ። ከእነርሱ የሚበዙት 10 ቀን ዓይናቸውን ጨፍነው ለመቀመጥ ከቤታቸው አይወጡም። የቡድሃ ሃይማኖት ማለት በትራስ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ሎዌልን ይመልከት።

ሁለተኛው መንገድ የአሜሪካውያን ወጣቶች መንገድ ነው፤ እኅታችን የተጠራችበት ቤት የዚህ ወገን ነው። ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባለው ወጣት በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ወደ ታይላንድ ሄዶ ሳለ ይህን ትምህርት አገኘ፤ ኋላም በሕንድ አገር በቦድ ጋያ ተቀምጦ ተማረ። ጃክ ኮርንፊልድ የተባለው ደግሞ በታይላንድ መነኰሰ። ሻረን ሳልዝበርግ የተባለችው ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለች ወደ ሕንድ ሄደች። እነዚህ ከባልንጀሮቻቸው ጋር በ1975 ማኅበር መሠረቱ፤ በ1976ም መጀመሪያ በማሳቹሴትስ መካከል ባሪ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ትልቅ ቤት ገዝተው ገቡ። ይህ ቤት አስቀድሞ የማን እንደ ነበረ ታውቃለህን? የካቶሊክ መነኮሳት ቤት ነበረ፤ ወጣቶች ለምንኵስና የሚዘጋጁበት። ጸሎት ቤቱ የዝምታ መቀመጫ አዳራሽ ሆነ፤ በደጁም ላይ ሜታ የሚል ቃል ተጻፈ፤ ይኸውም በፓሊ ቋንቋ ለፍጥረት ሁሉ በጎ መመኘት ማለት ነው። በዚያ በየመከሩ ወራት 3 ወር ሙሉ በዝምታ የሚቀመጡ አሉ። የባሪው ቤት ከተከፈተ ከጥቂት ዓመት በኋላ፥ በ1985፥ ከቦስተን ወንዝ ማዶ ባለችው በኬምብሪጅ ከተማ ላሪ ሮዘንበርግ የተባለው መምህር ሥራቸውን ሳይተዉ በየማታው መጥተው ለሚቀመጡ ሰዎች ሌላ ቤት ከፈተ። በዚያው ዓመት በምዕራብ በኩል በሌቨሬት ኰረብታ ላይ የጃፓን መነኮሳት ነጭ የሰላም ሐውልት አቆሙ።

የባሪን ቤት ነገር ሳነብ አንድ ሌላ ነገር አገኘሁ፤ እርሱም ልቤን ነካው። ከባሪ ብዙ በማይርቅ በስፔንሰር ከተማ ቅዱስ ዮሴፍ የሚባል የካቶሊክ ገዳም አለ፤ በዚያ ያሉት መነኮሳት ከጥንት ጀምሮ ዝምታን የሚጠብቁ ናቸው። ከ1961 እስከ 1981 የገዳሙ አበ ምኔት የነበሩት ቶማስ ኪቲንግ እንደ ተረኩት፥ በዚያ ዘመን ወጣቶች የገዳሙን በር እያንኳኩ ወደ ቡድሃ ተከታዮች ቤት የሚወስደውን መንገድ ይጠይቁ ነበር። አስተውል፤ እነዚህ ልጆች ዝምታን ፈልገው ወጡ፤ ብዙ ዘመን በዝምታ ሲጸልዩ ከኖሩ ክርስቲያኖች ደጅ ደረሱ፤ መንገድ ብቻ ጠይቀው አለፉ። መነኮሳቱም ይህን አይተው ልጆቹን አልሰደቡም፤ «እኛ ያለንን ለምን አላሳየናቸውም?» ብለው ራሳቸውን ጠየቁ እንጂ። ከእነርሱም ዊልያም ሜኒንገር የተባሉት በ1974 ከአሮጌ የእንግሊዝ መጽሐፍ አንድ የጸሎት መንገድ አውጥተው ማስተማር ጀመሩ፤ ሰው አንድ አጭር ቃል መርጦ በእግዚአብሔር ፊት 20 ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ነው። ይህንንም ከእስያ የተቀዳ ነው ብለው የሚነቅፉ ክርስቲያኖች አልጠፉም። እኔ በብዙ የትምህርት ነገር ከካቶሊኮች ጋር አልስማማም፤ ሆኖም በዚህ ራሳቸውን መጠየቃቸውን አከብራለሁ። የእኛ ጉባኤስ እንዴት ነው? ዘምረን ሳንጨርስ ስብከት ይጀመራል፤ ስብከቱ ሳያልቅ ማስታወቂያ ይነበባል፤ ጸሎት የምንለውም ብዙ ጊዜ የአንዱ ሰው ረጅም ንግግር ነው። እናቴ በፍልሰታ ጾም ሱባዔ ትገባ ነበር፤ እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ያን ሁሉ እንደ ከንቱ ልማድ ቈጥሬ ስቄባታለሁ። አሁን ግን ያች ሴት በዚያ ጨለማ ቤት ዝም ብላ የምታገኘውን ነገር እኔ በስብከቴ ሁሉ መካከል አግኝቼው እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ።

ወደ ተነሣንበት እንመለስ። እኅታችን የተጠራችበት ቤት የባሪው አይደለም፤ በምዕራብ ማሳቹሴትስ በሼልበርን ያለው ዳማ ዳራ የሚባለው ነው፤ በ1982 ተከፈተ፤ በሰሜን አሜሪካም ከዚህ ሥርዓት ቤቶች የመጀመሪያው ነው። ሥርዓቱን ያስፋፉት ሳትያ ናራያን ጎኤንካ የተባሉ ሰው ናቸው። እኒህ ሰው በ1924 በበርማ አገር በማንዳሌ ከሕንዳውያን ነጋዴዎች ወገን ተወለዱ፤ ባለጠጋ ነጋዴም ሆኑ፤ ነገር ግን ጽኑ የራስ ምታት ያሠቃያቸው ነበር። በብዙ አገር ሐኪም ፈልገው ባጡ ጊዜ፥ ኡ ባ ኪን ወደሚባሉ ወደ አንድ የበርማ መምህር ሄዱ፤ እኒህም መምህር መነኵሴ አይደሉም፤ የመንግሥት የሒሳብ ሹም ነበሩ። ጎኤንካ ስለ ራስ ምታታቸው በተናገሩ ጊዜ መምህሩ አልቀበልም አሉአቸው፤ ትምህርቱ ነፍስን ለማጥራት ነው እንጂ ራስ ምታትን ለማዳን አይደለም ብለው መለሱአቸው። ጎኤንካም ከብዙ ማመንታት በኋላ በ1955 ተመልሰው ገቡ፤ 14 ዓመት ያህልም ተማሩ፤ በ1969 ወደ ሕንድ ሄደው ማስተማር ጀመሩ፤ በ2013 ሞቱ። ዛሬም በሼልበርን የሚሰማው ትምህርት የእርሳቸው ድምፅ ነው፤ ተቀርጾ የቀረ።

ይህን ታሪክ ስለ ኡ ባ ኪን መልስ ብዬ ነው የጻፍሁልህ። የቤቱ አባት ራሳቸው «ይህ ለራስ ምታት አይደለም፤ ለነፍስ ነው» ካሉ፥ ጓደኛህ «እንቅልፍ ማምጫ ብቻ ነው» ብትልህ ከማን ትሰማለህ?

የቤቱ ሥርዓት ይህ ነው። ለትምህርቱም፥ ለምግቡም፥ ለመኝታውም ዋጋ አይከፈልም፤ ስጦታም የሚቀበሉት አንድ ጊዜ 10 ቀን ከፈጸመ ሰው ብቻ ነው፤ በዚህ እኛን ሁላችንን ያሳፍሩናል። የሚገባው ሰው 5 ነገር እንዳያደርግ ቃል ይገባል፤ ነፍስ ያለውን ሁሉ እንዳይገድል፥ እንዳይሰርቅ፥ በዚያ ሳለ ከሩካቤ ሁሉ እንዲርቅ፥ እንዳይዋሽ፥ የሚያሰክር ነገር እንዳይቀምስ። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ይቀመጣሉ። ንግግር ቀርቶ በዓይን መጠቃቀስም የተከለከለ ነው፤ መጽሐፍ፥ ብዕር፥ ስልክ አይያዝም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደወል ይደወላል፤ እስከ ማታ 3 ሰዓት ድረስ በቀን 10 ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ። ምግቡ ሥጋ የሌለበት ነው፤ ከቀትር በኋላም አዲስ የመጣ ሰው ከፍራፍሬና ከሻይ በቀር አያገኝም። ይህ ለአሜሪካውያን ከባድ ፈተና ነው ይባላል፤ በጾም ላደገ የአገራችን ሰው ግን የሚያስደነግጥ አይሆንም።

ትምህርቱም እንዲህ ነው። 3 ቀን ሰው እስትንፋሱን ብቻ ልብ ይላል፤ በአፍንጫው ሲገባና ሲወጣ። አያረዝመውም፤ አያሳጥረውም፤ ቃልም አይጨምርበትም። በ4ኛው ቀን ቪፓሳና የሚሉት ይጀመራል፤ አጥርቶ ማየት ማለት ነው። ከራስ ጠጕሩ እስከ እግር ጥፍሩ ድረስ በሰውነቱ የሚሰማውን ሁሉ፥ ትኵሳቱን፥ ማሳከኩን፥ ሕመሙን፥ በተራ ልብ ይላል፤ ደስ የሚለውን አይመኝም፤ የሚያሠቃየውንም አይጠላም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ 3 ጊዜ፥ አንድ አንድ ሰዓት፥ እጁን ወይም እግሩን ሳያንቀሳቅስ ለመቀመጥ ይጥራል። የዚህ ሁሉ ዓላማ አካልን ማሳረፍ አይደለም። ሁሉ አላፊ እንደ ሆነ፥ አላፊውን መያዝ ሥቃይን እንደሚወልድ፥ «እኔ» የሚባል የማይለወጥ ባለቤትም እንደማይገኝ በገዛ ሥጋው እንዲያውቅ ነው።

ብዙ ሰዎች ይህን ሥራ በአማርኛ ተመስጦ ይሉታል፤ ቃሉ ግን አይስማማውም። ተመስጦ መነጠቅ ነው፤ የተመሰጠ ሰው ያለበትን ይረሳል። እነዚህ ግን እንዳይረሱ ነው የሚደክሙት። በፓሊ ቋንቋ ሳቲ የሚሉት ቃል ከማስታወስ የወጣ ነው፤ በእኛም ቋንቋ ልብ ማለት ብንለው ይቀርበዋል። ልብ ማለት ደግሞ ለማንም ሰው ኃጢአት አይደለም። እስትንፋስህን ብትቈጥር ወይም የጕልበትህን ሕመም ብታስተውል ጣዖት አላመለክህም፤ ወንድሞቻችን አንዳንዶቹ «ዓይን ጨፍኖ ዝም ያለ ሰው አጋንንት ይገቡበታል» እያሉ የሚያስፈራሩት ነገር ከየት እንደ መጣ አላውቅም፤ እንዲህ ከሆነማ የተኛ ሰው ሁሉ በጠፋ ነበር።

እንግዲህ ጭንቁ ወዴት ነው? ጭንቁ በእስትንፋሱ አይደለም፤ በአፍ ላይ ነው። ወንድሜ ሆይ፥ ይህን ቦታ ቀስ ብለህ አንብበው።

በመጀመሪያው ማታ፥ ትምህርቱ ሳይጀመር፥ የገቡት ሰዎች በቡድሃ፥ በትምህርቱና በማኅበሩ መጠጊያ እንደሚያደርጉ በፓሊ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ለ10 ቀንም ለመምህሩ ትእዛዝ ሊገዙ ይስማማሉ። ደግሞም ሰው ከመግባቱ በፊት በሚያነበው ሕግ ውስጥ፥ በእነዚያ ቀኖች ጸሎትንና የአምልኮ ሥርዓትን ሁሉ፥ መቍጠሪያንም ቢሆን፥ ፈጽሞ እንዲተው ተጽፎአል። ምክንያቱንም ይነግሩታል፤ የሌላውን ሃይማኖት ንቀው አይደለም፤ ትምህርቱ ከሌላ ነገር ሳይደባለቅ በሚገባ እንዲፈተን ነው ይላሉ። ስለ መጠጊያውም ሲጠየቁ፥ ለሰውየው ለቡድሃ መስገድ አይደለም፤ በእርሱ ለተገኘው መብራት ነው ብለው ይተረጕማሉ። ይህን በቅንነት እንደሚሉ አምናለሁ፤ ምንም ነገር አልደበቁም፤ ሁሉን በደጁ ላይ ጽፈው አኑረዋል። የተደበቀ ነገር ቢኖር በሚገባው ሰው ልብ ውስጥ ነው።

አሁን የእኅታችንን ጥያቄ መልሰህ ተመልከት፤ «በልቤ ብጸልይ ማን ያውቅብኛል?» ማንም አያውቅባትም። የሰው እንግዳ ሆና፥ አልጸልይም ብላ በፊርማዋ ቃል ገብታ፥ የሰውን እንጀራ በነጻ እየበላች፥ በብርድ ልብሱ ሥር ትጸልያለች ማለት ነው። እንዳትዋሽም ቃል ከገባችባቸው ከ5ቱ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ሃይማኖቷን ጠበቀች ልትባል ነውን? ጌታችን በተራራው ላይ ስለ መሐላና ስለ ቃል ያስተማረውን ታውቀዋለህና እዚህ አልጽፈውም። ወይም ደግሞ ቃሏን ጠብቃ 10 ቀን ጸሎቷን ትተዋለች፤ እናቷን በቀበረችበት ዓመት፥ ነፍሷ በምትጮኽበት ጊዜ፥ ወደሚሰማት አትጮኽም። ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አጣሁ። መጠጊያ የሚለውን ቃልም አስብ፤ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ይህን ቃል ለማን ስንለው ኖርን? በማላውቀው ቋንቋ ስለምናገረው አይቈጠርብኝም የሚል ሰው፥ በማያነበው ወረቀት ላይ ፈርሞ ዕዳ አልከፍልም እንደሚል ሰው ነው።

ስለዚህ የጻፍሁላት ምክር «ቤቱ ክፉ ነው» የሚል አልነበረም። «ሕጉን ራስሽ አንብቢ፤ ልትጠብቂው የማትችዪውን ቃል አትስጪ፤ ለጓደኛሽም ምክንያቱን ሳትሸሽጊ ንገሪያት» ብዬ ነው የጻፍሁላት። አንተ አንብበህ ከዚህ የተለየ ነገር ቢታይህ ለራስህ ኅሊና መልስ ትሰጣለህ፤ ብቻ በሁለት ልብ አትግባ።

ከዚህ ጋር ሌላ ነገር መጨመር ይገባኛል፤ ኀዘን ወይም የአእምሮ ሕመም የጠናበት ሰው ከማንኛውም ረጅም ዝምታ በፊት ሐኪም ይጠይቅ። የሼልበርኑ ቤት ራሱ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ይህን ሥራ አይመክርም። በአጠገቡ ባለው በሮድ አይላንድ ግዛት፥ በብራውን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2017 ባሳተሙት ጥናት፥ በዚህ መንገድ የሚሄዱትንና መምህሮቻቸውን ጠይቀው፥ ከመልካሙ ጋር ፍርሃት፥ እንቅልፍ ማጣት፥ ራስንም እንደ ባዕድ ማየት የደረሰባቸው እንዳሉ ጽፈዋል። እኅታችን አስቀድሞም እንቅልፍ ያጣች ናትና ይህን አልሸሸግኋትም።

በመጨረሻም «በሆስፒታላችን ደግሞ ልብ ማለትን የሚያስተምሩ አሉ፤ እነዚያስ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። የዚህም ትምህርት ምንጭ በዚያው ግዛት ነው። ጆን ካባት ዚን የተባለ የሥነ ሕይወት ሊቅ በ1979 በባሪው ቤት በዝምታ ተቀምጦ ሳለ፥ ይህን ሥራ የቡድሃን ስም ሳይጠራ ለበሽተኞች ማስተማር እንደሚቻል ታየው፤ ይህንም ራሱ በ2011 ባሳተመው ጽሑፍ ተርኮታል። በዚያው በ1979 በዉስተር ከተማ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ክፍል ከፈተ፤ ሐኪሞች ሊረዱአቸው የማይችሉትን፥ ሕመም የማይለቃቸውን ሰዎች ተቀበለ። ትምህርቱ 8 ሳምንት ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ በየቀኑም በቤታቸው ይሠራሉ፤ በመካከል አንድ ሙሉ ቀን በዝምታ ይውላሉ። በመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዱ የዘቢብ ፍሬ ይሰጠዋል፤ እንዳላየው ሰው አይቶ፥ ዳስሶ፥ አሽትቶ፥ ቀስ ብሎ እንዲያኝከው ይነገረዋል። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት 47 ሙከራዎችን፥ በውስጣቸውም 3,515 ሰዎችን መርምሮ፥ እንዲህ ያለው ሥራ ጭንቀትን፥ የልብ ኀዘንንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚያቀል አገኘ፤ ነገር ግን ከመድኃኒት ወይም ሰውነትን ከማሠራት እንደሚበልጥ ማስረጃ አላገኘም። በዚህ ክፍል መጠጊያ አይባልም፤ ጸሎት አይከለከልም፤ ቃልም አይገባም። ክርስቲያን ዘቢቡን አኝኮ ለሰጠው አምላክ ቢያመሰግን የሚከለክለው የለም። ሥሩ ከወዴት እንደ መጣ አውቆ መግባት ይበቃዋል፤ የገዛ አሠሪው ቢያስገድደው ግን ይህ ሌላ ነገር ነውና እምቢ ማለት መብቱ ነው።

ለማይጸልይ ሰው ግን እነዚህ ሁለቱ ቤቶች ያላቸው ልዩነት ግልጥ ላይሆን ይችላል። ልብ የሚል ሰው ሥቃዩን ያያል፤ የሚጸልይ ሰው ሥቃዩን ለሚሰማው ይነግራል። በሼልበርን የሚነገረው የለም፤ ይቅርታ የሚጠየቅ፥ የሚመሰገንም የለም። ይህን የምለው ልነቅፋቸው አይደለም፤ እነርሱ ራሳቸው የሚሉት ነው፤ ብርታትም አድርገው ይቈጥሩታል፤ ማንም ሌላ አይሸከምልህም፥ በገዛ እግርህ ትሄዳለህ ይላሉና። በስፔንሰር ገዳም ዝም የሚሉትና በባሪ ዝም የሚሉት ከውጭ ለሚያያቸው አንድ ይመስላሉ፤ ከውስጥ ግን አንዱ በአንድ ሰው ፊት እንደ ተቀመጠ ዝም ይላል፤ ሌላው ብቻውን።

እኅታችን ሕጉን አስወጥታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ የማመልከቻውንም ወረቀት ሳትሞላ መለሰችው። ለጓደኛዋም እንዲህ አለቻት፤ «ያንቺ ቤት ሰዎች እውነተኞች ናቸው፤ እኔም እውነተኛ ልሁንላቸው። ጸሎቴን ልተው አልችልም፤ ትቼዋለሁ ብዬም ልዋሻቸው አልወድም።» ጓደኛዋ መጀመሪያ ቅር አላት፤ ኋላ ግን «ከጠራኋቸው ሰዎች ሁሉ ሕጉን አንብቦ የመለሰልኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አለቻት። የመሄጃው ቀን በደረሰ ጊዜ እኅታችን በገዛ መኪናዋ እስከ ሼልበርን ደጅ ድረስ ወሰደቻት፤ ስትመለስም ስልኳን ዘግታ በዲርፊልድ ወንዝ ዳር አንድ ሰዓት ያህል ብቻዋን ተቀመጠች። በ11ኛው ቀን ማለዳ ደግሞ ሄዳ አመጣቻት። 10 ቀን ዝም ያለችው ሴት በመኪናው ውስጥ አፏን አልዘጋችም፤ ስለ ደወሉ፥ ስለ ጕልበቷ፥ አብራት ስለ ተቀመጠች ስለምታንኰራፋ ሴት ስትናገር መንገዱ አለቀ። ኮንኮርድን ሲያልፉ ግን እኅታችን ስለ እናቷ መናገር ጀመረች፤ ጓደኛዋም ዝም ብላ ሰማቻት፤ ቦስተን ሲገቡ ገና አልጨረሰችም ነበር።